የእታለም ልክ

ስምንቱ ቀሚሶች በአንድ ጥቁር ላስቲክ ታጭቀው ሰኞ ጠዋት ተመለሱ። ያመጣቻቸው የሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ናት፤ ረጅም፣ ተረከዟ ወለሉን እንደ መዶሻ የሚመታ ሴትዮ። ላስቲኩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና አንዱን ቀሚስ በትከሻው አንጠልጥላ ያዘችው።

«ይኼንን ለማን ነው የሰፋችሁት? ለአሻንጉሊት?»

ቀጮ መቀሷን አስቀመጠች። ቀጮ የቤቱ ታናሽ ናት፣ የሱቁም ቆራጭ። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ነፋስ ይወስዳታል እየተባለ ስታድግ ቀጮ የሚለው ተጣብቆባት ቀረ።

«ምን ሆነ እመቤት?»

«ምን ያልሆነ አለ! ልጆቹ ቆመው ያምርባቸዋል። ጉዱ ቁጭ ሲሉ ነው። አንዷ ለእንግዳ ቁልፍ ላቀብል ብላ ጎንበስ ስትል ዚፑ ጠረረረ ብሎ እስከ ታች ወረደ። እንግዳው ቁልፉን ጥሎ ሸሸ።»

ከስፌት መኪናው ኋላ ሳቅ ተሰማ። እታለም ናት፣ ታላቅየዋ፤ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። በሩ አጠገብ ጋዜጣ የያዙት አባታቸውም ከመነጽራቸው በላይ አይተው፣ «የሆቴሉ ምግብ ጥሩ ነው ማለት ነዋ!» አሉ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«ትንንሾቹና መሃለኞቹስ?» አለች ቀጮ።

«እነሱ ምንም አይወጣላቸው። ትልልቆቹ ናቸው። ስምንቱም። አርብ ጠዋት እፈልጋቸዋለሁ።» ተረከዟ ወለሉን እየመታ ወጣች።

ቀጮ የወረቀት ናሙናውን ከምስማሩ አወረደች። ሜትሯን ከአንገቷ ስባ ለካችው፤ ወረቀቱ ልክ ነው፣ ወገቡ ዘጠና አራት። ከዚያ ቀሚሱን ገልብጣ ለካችው፤ ስምንት ሳንቲም ይጎድላል። ሁለተኛውን ለካች፣ ስምንት። ሦስተኛውን፣ ስምንት። መቀሱ ነው እንዳትል ሌሎቹን የቆረጠችው በዚያው መቀስ ነው። ጨርቁ ካውያ ሲነካው ተሰብስቦ ነው እንዳትል መሃለኞቹም ከዚያው ጥቅል የወጡ ናቸው። ነገሩ ከነከናት።

የሱቁ አሠራር እንዲህ ነበር። ናሙናው ለመቁረጥ ብቻ ነው። ቀጮ ጨርቁን ከናሙናው ሰፋ አድርጋ ትቆርጣለች፤ በሰፋፊ ክር ወጋ ወጋ ታደርገውና ሰው ላይ ታለብሰዋለች። እውነተኛው ልክ የሚወጣው ሰው ላይ ነው። ለትንሹ ቀጮ ራሷ ትለብሳለች፣ ለመሃለኛው የጎረቤት ፀጉር ሠሪ ትጠራለች፣ ለትልቁ እታለም አለች። «የእታለም ልክ» ይሉታል እንኳን እነሱ ደንበኞቹም። «ለእኔ የእታለምን ልክ ስፉልኝ» ብሎ የሚያዝ ሰው ሞልቷል። ቀጮ በአፏ ስፒል ይዛ በእታለም ዙሪያ እየተሽከረከረች ጨርቁን ከገላዋ ጋር ታስማማለች፤ የመጀመሪያው ቀሚስ እንደዚያ ከወጣ ሌሎቹ ሰባቱ እሱን ተከትለው ይቆረጣሉ። እታለምን ግን ናሙናው ከተሠራ ወዲህ በሜትር የለካት ሰው የለም። ልኩ እሷ ራሷ ናት፤ ልክን ደግሞ ማን ይለካዋል?

«እታለም፣ እስቲ አንዴ ነይ።»

«ምን ልሁን?»

«ልለካሽ።»

«ልኬ ጠፋብሽ? በጨለማ ታውቂው የለ።»

«ነይ ስልሽ።»

እታለም መጣች። እጆቿን እንደ ደንበኛ ዘርግታ ቆመች፣ ለቀልድ። ቀጮ ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ አዞረች፤ ጫፉና ጫፉ የተገናኘበትን ስታነብ ክው አለች። ሰማንያ አራት። ድጋሚ አዞረች። ሰማንያ አራት። ናሙናውን የሠሩት ከአራት ወር በፊት ነበር፤ አስር ሳንቲም በአራት ወር ውስጥ የት ገባ?

«ስንት ነኝ?» አለች እታለም። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር፣ አልደበቀችውም።

የቀጮ ጣት እታለም የለበሰችው ቀሚስ ጎን ላይ ጎርበጥ ያለ ነገር ነክቶ ነበር። ጫፉን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከውስጥ ሦስት ረድፍ ስፌት አለ፤ አንዱ የድሮው፣ ሁለቱ አዲስ ክር። ቀሚሱ ሁለት ጊዜ ተጠቧል። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

«ይኼን መቼ አጠበብሽው?»

«እሁድ እሁድ።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሁሉንም። ታዲያ ጆንያ ለብሼ ልዙር?»

ሰው ሲከሳ መጀመሪያ የሚናገርበት ልብሱ ነው። አንገትጌው ይሰፋል፣ ቀሚሱ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ያየ ሁሉ «ምን ነካህ?» ይላል። እታለም ግን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ገላዋ በቀነሰ ቁጥር ልብሷን አስከትላ ቀነሰችው። ስለዚህ ያያት ሰው ያየው መክሳቷን ሳይሆን ማማሯን ነው። ፀጉር ሠሪዋ «ምስጢሩን ንገሪን» ትላታለች። አባታቸው «እናታችሁ ሳገባት እንደዚህ ነበረች» ብለው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቀጮ ራሷ ከሳምንት በፊት፣ «እኔ እንዳንቺ ቆራጥ ብሆን የት በደረስኩ» ብላታለች። ጨርቁን እየሰበሰበች ስፒል የሰካችው እኮ የራሷ እጅ ነው። እጇ እህቷን ሳንቲም በሳንቲም ሲከተል ጭንቅላቷ የት ነበር?

«ዳቦ የተወ ሰው እንደዚህ ይከሳል?» አለች።

«የጨከነ ይከሳል» አለች እታለም፣ ወደ መኪናዋ እየተመለሰች። መንገድ ላይ ቆም ብላ ከማሰሮው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ሁለተኛ ቀዳች።

እታለም ስኳር የያዛት በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ ማታ አንድ መርፌ ሆዷ ላይ እየወጋች ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። መርፌው ሕይወቷ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ግን ከመርፌው ጋር ገላዋም ጨመረ፣ ዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ፤ ሰው ድንቡሼ ሲላት ትስቅና ብቻዋን ስትሆን መስታወቱን በጨርቅ ትሸፍነው ነበር።

የዛሬ አራት ወር ክሊኒክ ሄደች። ሚዛኑ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሲስተሯ ቁጥሩን ታነባለች፣ ጠረጴዛው ጋ ያለው ጸሐፊ ካርዱ ላይ ይጽፋል። ጸሐፊው ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ሲስተሯ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ያን ቀን ቁጥሩን ጮኸችው፤ ጸሐፊው አልሰማ ብሎ ድጋሚ አስጮሃት። ግድግዳውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ሲስተሯ እዚያው ቆማ፣ «አስር ኪሎ ካልቀነስሽ እግርሽም ልብሽም አይችልሽም» አለቻት። እታለም ወደ ቤት የመጣችው በእግሯ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር መጠጋት ስላልፈለገች።

በማግስቱ ጀመረች። ግማሽ ሳህን፣ ሩብ ዳቦ፣ ጠዋት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት የአንድ ሰዓት እርምጃ። መርፌውን ግን እንደታዘዘው ሙሉውን ትወጋለች። ሦስት ቀን ሳይሞላት መንቀጥቀጥ ጀመራት። መኪናው ላይ እንደተቀመጠች ላቧ ያጠምቃታል፣ ዓይኗ ይጭበረበራል፤ አንድ ቀን የመኪናው መርፌ የጣቷን ጥፍር በስቶ አለፈ። ቀጮ እየሮጠች ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣታለች። «ቀኑን ሙሉ የተራብኩትን አንድ ብርጭቆ በላው» እያለች እታለም ታለቅስ ነበር። ክብደቷ ጭራሽ ጨመረ። ከዚያ ድንገት መንቀጥቀጡ ቆመ። ላቡም ቆመ። ቀጮ፣ «ለመዳት፤ ተመስገን» ብላ ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰችው።

ለምን እንደቆመ አልጠየቀችም።

ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ባዶ ሆነ። ቀጮ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓዳው ገብታ ፍሪጁን ከፈተች። ከዕንቁላሉ መደርደሪያ ኋላ፣ በጎመን ቅጠል ተሸፍኖ፣ የኢንሱሊን ብልቃጦቹ ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። በየወሩ ሦስት ሦስት አድርጋ ከመድኃኒት ቤት የምታመጣው ራሷ ቀጮ ናት። አራት ወር፣ አስራ ሁለት ብልቃጥ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አወጣች። ዘጠኙ እንደታሸጉ ናቸው።

ፍሪጁ ክፍት ሆኖ ይጮኻል፣ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

ተነስታ እታለምን በክንዷ ይዛ ወደ መለኪያው ጥግ አስገባቻትና መጋረጃውን ዘጋች። ከመጋረጃው ውጭ አባታቸው ጋዜጣ እያገላበጡ ነው።

«መርፌሽን አትወጊም።»

«እወጋለሁ።»

«ዘጠኝ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል እታለም! እኔን አትዋሺኝ!»

«ቀስ በይ፣ አባባ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

እታለም መስታወቱን ተደግፋ ቆመች። ለትንሽ ጊዜ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ተማሪ መሰለች። ከዚያ ፊቷ ጠነከረ። «አንዴ ሁለት ቀን ረሳሁት» አለች። «የሠርግ ልብሶቹ ሥራ ሲበዛብን። በሦስተኛው ቀን ቀሚሴ ላላ አለልኝ። ሳልራብ! አንቺ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አይገባሽም፤ አንቺ በልተሽም ቀጮ ነሽ። እኔ ሃያ ዓመት ስለምን ነበር። መጀመሪያ የማታውን ተውኩ። ከዚያ የጠዋቱን ቀነስኩ። ይኸው ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም አልሆንኩም? ቀኑን ሙሉ ውሃ ትጠጫለሽ! ደረጃ ስትወጪ ታለከልኪያለሽ! ስኳርሽን ስትለኪ ስንት ይላል?»

«አልለካም።»

«እታለም!»

«ሐሙስ ቀጠሮዬ ነው» አለች እታለም፣ የቀጮን ሁለት እጅ ይዛ። እጇ ደረቅና ትኩስ ነበር። «ሦስት ቀን ብቻ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እዚያ ሚዛን ላይ ወጥቼ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታንብበው። ወረፋው ሁሉ ይስማ። ከዚያ በራሴ አፍ ሁሉንም እነግራታለሁ። በእናታችን አፈር። እስከዚያ ግን ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቀጮ ማመን አልፈለገችም። እምቢ ማለትም አልቻለችም። ያንን ኮሪደር ታውቀዋለች፤ እታለም ያን ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ እንዴት እንደተኛች ታውቃለች። «ካሁኗ ደቂቃ ጀምሮ ግን ትወጊያለሽ» አለች። «እኔ እያየሁ። ጠዋትም ማታም፣ ዓይኔ እያየ።»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«አልኩሽ እኮ! ጉድ ነው፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ።»

ያን ምሽት ከራት በፊት እታለም ወንበር ላይ ተቀምጣ ብልቃጡን በመዳፏ አንከባለለችው፣ መርፌውን ሳበች፣ ሆዷን ቆንጥጣ ወጋች። ቀጮ ከፊቷ ተንበርክካ ሁሉንም አየች። መርፌው ሲገባ አየች፣ መግፊያው ሲወርድ አየች፣ አንድ ጠብታ ደም ሲወጣ አየች። ደረቷ ቀለል አላት። ማክሰኞ ጠዋትም አየች፣ ማታም አየች። በመሃል ቀሚሶቹን ተረተረች፤ ግን ትርፍ ጨርቁን ቆርጣ ጥላው ስለነበር የሚለቀቅ ነገር አጥታ ከጎን በኩል ቁራጭ ማስገባት ያዘች። እየሰፋችም ዓይኗ ከእታለም ላይ አይነሳም። ውሃውን ትቆጥራለች፣ ስምንት ብርጭቆ፣ ዘጠኝ ብርጭቆ። መርፌውን ከወጋች ለምን ይጠማታል? «ገና ሁለት ቀን እኮ ነው» እያለች ራሷን ታረጋጋለች። ማታ ስትተኛ ለሐሙስ የቀረውን ሰዓት ትቆጥራለች፤ እስከ ቀጠሮው፣ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያለው ሁሉ ገደል መሰላት።

ቀጮ ያላየችው አንድ ነገር ነበር። ሜትር ላይ ያለውን መስመር ሳታየው በጣቷ የምታነብ ልጅ፣ የመርፌው ቱቦ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች ማንበብ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖራ መርፌው የእታለም ነው ብላ አንድም ቀን ጠጋ ብላ አላየቻቸውም። መርፌው መግባቱን እንጂ በውስጡ ስንት እንዳለ አላየችም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እታለም ማስመለስ ጀመራት።

«ትናንት የበላሁት ዓሣ ነው» አለች ገንዳው ላይ ተደፍታ።

«ሁላችንም በልተናል።»

«የእኔ ሆድ የእናንተ አይደለም።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን መቀመጥ አቃታት። መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር የጨርቅ ጥቅሎች ላይ ተጋደመች። ትንፋሿ ተለውጦ ነበር፤ ሩቅ መንገድ የሮጠ ሰው ይመስል በረጅሙ እየሳበች በረጅሙ ታወጣለች፣ ግን የሮጠችበት የለም። ቀጮ ግንባሯን ልትነካ ጎንበስ ስትል ከአፏ አንድ ሽታ መጣ። ጣፈጥ ያለ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ።

«ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«ነገ ነው ቀጠሮዬ።»

«አሁን ነው።»

«ቀጮ።» እታለም እጇን ጨበጠቻት። «ቃልሽን። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት እኮ ነው። አንድ ቀን! ዛሬ በአልጋ ከወሰድሽኝ ሚዛን ላይ አልወጣም። ምንም አይቀረኝም። ውሃ ስጪኝና እተኛለሁ።»

አባታቸው ከበሩ ተነስተው መጡ። ጋዜጣው እጃቸው ላይ እንደታጠፈ ነው። «ምንድን ነው? ምን ቃል?»

ለቀጮ የሚያስፈልጋት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የእህቷን ፊት ከእሷ ላይ ለሁልጊዜ ሊያዞርባት ይችላል። እታለም ከታች ሆና በዓይኗ ትለምናታለች። እንደዚያ የሚለምን ዓይን ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። እንዲያውም ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ «እውነቷን ነው፣ አንድ ቀን ምን ይላል» አለች በልቧ። ያቺን አፍታ ከዚያ በኋላ እታለም በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ሁሉ፣ ካለፈችም በኋላ፣ ስታስባት ላብ ያጠምቃታል።

«መርፌዋን ትታለች አባባ» አለች። «ከአራት ወር ወዲህ። ለመክሳት ብላ።»

ሽማግሌው ጋዜጣውን ጣሉት። ወደ በሩ ሄደው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መንገድ መሃል ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያገኙትን የመጀመሪያ መኪና አስቆሙ።

እታለም መኪናው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ነገርሻቸው» አለች በረጅሙ ትንፋሿ መሃል። «ቃል አባይ።»

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነገሩ ሁሉ ሩጫ ሆነ። ሁለት ክንዷ ላይ ግሉኮስ የሌለው ጨው ውሃ ሰቀሉላት። አንድ ወጣት ዶክተር ወረቀት ይዞ ወደ ቀጮ ዞረ።

«ክብደቷ ስንት ነው?»

ቀጮ አፏን ከፈተች። የእህቷን ወገብ ታውቃለች፣ ደረቷን፣ የክንዷን ርዝመት፣ የትከሻዋን ስፋት እስከ ግማሽ ሳንቲም ታውቃለች። ኪሎዋን ግን አታውቅም። «ወገቧ ሰማንያ አራት ነው» አለች። ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት፤ የቀለደች መሰለው። ከዚያ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ኢንሱሊን መጨረሻ የወሰደችው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ። ዓይኔ እያየ ነው የወጋችው።»

«ስንት ዩኒት?»

«እ... እንጃ። ሲገባ አይቻለሁ።»

«ስንት?»

ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ። «ስድስት» አለች እታለም፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«የታዘዘልሽስ?»

«ሃያ ስድስት።»



ሁለት ቀን ከእታለምና ከሞት ማን እንደሚያሸንፍ አልታወቀም ነበር። በየሰዓቱ ጣቷን ይወጓታል፣ ደም ይቀዳሉ፣ በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ቀጮ ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ትሞክራለች፣ ሐኪሞች ፊት ላይ ግን ምንም ተጽፎ አይገኝም። ሐሙስ ሦስት ሰዓት አለፈ። አርብ ጠዋት፣ ቀጮ ማክሰኞ ማታ የጨረሰቻቸውን ቀሚሶች አባታቸው ተሸክመው ወደ ሆቴሉ ወሰዱ። እታለም አርብ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ጠራ፤ ውሃ ጠየቀች፣ ለአባቷ ድክም ያለ ፈገግታ ሰጠቻቸው። ከቀጮ ጋር ግን አልተነጋገረችም። ቀጮ ትራሷን ስታስተካክል ዓይኗን ትጨፍናለች።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ፣ እታለም ከሐሙሱ ቀጠሮ መቅረቷን አይታ፣ ያቺው የክሊኒኩ ሲስተር መጣች። ካርዱን እያገላበጠች አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ሲያንቀጠቅጥሽ ለምን መጥተሽ አልነገርሽንም?» አለች። «ምግብ ስትቀንሺ መርፌው ባለበት ከቆየ ስኳርሽ ይወርዳል። ሲወርድ ስኳር ትጠጫለሽ፤ ስትጠጪ ትጨምሪያለሽ። ብትነግሪን መጠኑን ትንሽ ትንሽ እያልን ካንቺ ጋር እናወርደው ነበር። መቀነስ ይቻላል። መተው ነው የማይቻለው።»

«ጮህሽብኝ» አለች እታለም።

«ምን?»

«ቁጥሩን። ኮሪደሩ ላይ። ሁለት ጊዜ።»

ሲስተሯ ካርዱን ዘጋችው። ጸሐፊው ጆሮው ትንሽ ያስቸግራል ልትል አሰበች መሰል፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተወችው። ጫማዋን አየች። «አላስታውሰውም» አለች በመጨረሻ። «ግን አድርጌዋለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማነበው።» ትንሽ ቆይታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አሁን አስራ ስምንት ነው የማታው። በየሳምንቱ ትመጫለሽ፤ ምን እንደበላሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አስተካክላለሁ።»

«በአስራ ስምንት እቀንሳለሁ?»

«ቀስ ብለሽ።»

«ቀስ ማለት ስንት ነው?»

«በወር ሁለት ኪሎ። ከዚያም ሊያንስ ይችላል።»

እታለም ጣሪያውን አየች። አልጋ ላይ የጣላት በአራት ወር ውስጥ የወረደው ኪሎ ነው፤ በጨው ውሃው ደግሞ ፊቷ መልሶ አብጧል። «ሁለት ኪሎ» አለች፣ አንድ ሰው ስለ ሩቅ አገር ሲነግሩት እንደሚለው።

ሲስተሯ ቀጮን ጠርታ መርፌውን አሳየቻት። «አንዱ መስመር ሁለት ዩኒት ነው» አለቻት። ቀጮ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። መስመሮቹ ቀጫጭን ጥቁር ናቸው፣ ከሜትሩ መስመር ይልቅ የተጠጋጉ። አስር ጊዜ ቆጠረቻቸው።

ሲስተሯ ወጣች። የራት ጋሪው ከኮሪደሩ ማዶ ሲንኳኳ ይሰማል። እታለም ተነስታ ተቀመጠች፤ ብልቃጡን አንከባለለች፣ መርፌውን ሳበች። ቀጮ አንገቷን አስግጋ አየች። ዘጠኝ መስመር። እታለም ሆዷን ቆነጠጠችና እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ዙሪ።» ከረቡዕ ወዲህ ለቀጮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አልዞርም።»

«እያየሽኝ አልወጋም። ሕፃን አይደለሁም።»

«አልዞርም እታለም።»

«ስታስጠይ!»

«አዎ።»

ተያዩ። የጋሪው ድምፅ እየቀረበ መጣ። ቀጮ እህቷ መርፌውን ግድግዳው ላይ ብትወረውረው ምን ማድረግ እንደምትችል አታውቅም። አስገድዶ መውጋት አይቻልም፣ ዛሬ ቢቻል ነገ አይቻልም። እታለም ከንፈሯን ነክሳለች። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ ይሁን ፍርሃት አይለይም።

«እድሜ ልክሽን መስመር ልትቆጥሪ ነው?»

«እቆጥራለሁ።»

«ትሰለቺኛለሽ።»

«እስክሰለች እቆጥራለኋ!»

እታለም አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ አየር አወጣች፤ ሳቅ ለመሆን ትንሽ የቀረው። ከዚያ ዓይኗን ከቀጮ ሳታነሳ ወጋችና መግፊያውን እስከ ታች ገፋችው። ቀጮ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየች። ቢሆንም ደረቷ አልቀለለም። አሁን አስራ ስምንቱ ገብቷል፤ ምግቡ ካልተከተለ ላቡና መንቀጥቀጡ ሊመጣ ነው። ወደ በሩ ዞረች። ጋሪው ሁለት ክፍል አልፎ ቆሟል፣ አንዷ ሠራተኛ ከሌላዋ ጋር ትጨዋወታለች።

«ምን ቆመሻል» አለች እታለም፣ ልብሷን እያወረደች። «ሂጂ አምጪልኝ፣ እንዳይወርድብኝ።»

ቀጮ እየሮጠች ወጣች።